«ጤነኛዋ» ሲባሉ የኖሩት እህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከመስታወት ቆራጩ አባታችንና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታችን በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከመስታወት ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ አባታችን በዚያች ሰዓት የአንድ ትምህርት ቤት መስኮት ይለኩ ስለነበር የደረሱት ሕፃኗ ተጠቅልላ ከተኛች በኋላ ነው። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ እርሳቸው ናቸው። ታላቃችን ወንድ ነበር፤ ታናሿ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። እህቴን በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ «አንቱ» ብያት አላውቅም። ዛሬ ግን ወጉ ነውና «ተወለዱ፣ ተማሩ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ብትሰማኝ «ምን ሆነሻል አንቺ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

በልጅነታቸው ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ሙጫ» በሚል ስም ነው። ከአባታችን ጋር ተጣብቀው ስለሚውሉ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እስከማውቀው ግን ስሙ የወጣላቸው ሱቁ ወለል ላይ የወዳደቀውን የመስታወት ስብርባሪ በዱቄት ሊጥ፣ በስቱኮ፣ በእንቁላል ነጭ፣ ባገኙት ነገር ሁሉ መልሰው ሊያጣብቁ ሲታገሉ ስለሚውሉ ነው። ጣታቸው ከፋሻ ተለይቶ አያውቅም። ያጣበቁት ሲደርቅ ይይዛል፣ ውኃ ሲነካው ይለቃል። አባታችን «ውኃ ውስጥ የሚይዝ ሙጫ ያገኘሽ ቀን ሱቁ ያንቺ ነው» ይሏቸው ነበር። እህቴ ነገሩን እንደ ቀልድ አልወሰዱትም።

በ1976 ዓ.ም. አባታችን ትልቅ መስታወት በሁለት እጃቸው ይዘው ከሱቁ ሲወጡ ድንገት ቆም አሉ። መስታወቱን በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ በዚያው ቀሩ። አርባ ዓመት አልሞላቸውም። መስታወቱ ጭረት እንኳ አልነካውም። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎታችን፣ በተመሳሳይ ሁኔታ አረፉ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ታላቅ ወንድማችን በተማረበት ኮሌጅ ደረጃ ላይ ወድቆ አልተነሣም። በእኛ ቤት ለዚህ ነገር የበሽታ ስም አልወጣለትም፤ «የወንዶቹ ድካም» ነበር የምንለው። እናታችን እኔንና እህቴን ግራና ቀኝ አስቀምጠው «እናንተ ሴቶቹ ተርፋችኋል፣ እሱ ይመስገን» ይሉን ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው የሰሙትን ነገር ሁሉ ሲመረምሩ ኖረዋል። ይህችን አንዷን ነገር ግን ከእናታቸው አፍ ስለሰሟት ሳይመረምሩ አለፏት።

ኬሚስትሪ ተምረው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራቸውን የያዙት በጫማ ፋብሪካ የሙጫ ክፍል ነው። ባለቤታቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። የፊዚክስ መምህሩ ባለቤታቸው በዝናብ ቀን ሶሉ የተነቀለ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ሊከራከሩ መጡ። እህቴ ጫማውን አገላብጠው አይተው «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እርጥብ ነገር ላይ የሚይዝ ሙጫ ገና አልተገኘም» አሏቸው። መምህሩ በማግሥቱ ሌላኛውን ጫማ ይዘው ተመለሱ፤ እሱ ደህና ነበር። በ1995 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1997 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

እህቴ ፋብሪካውን ለቀው በቁሳቁስ ሳይንስ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ። ከዚያም በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ሁለት ክፍል ተሰጥቷቸው በ2003 ዓ.ም. የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ። ክፍሎቹ ከሊፍቱ ሞተር ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። አንድ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ማይክሮስኮፑ ስለሚንቀጠቀጥ እህቴ ከስሩ በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ አስገቡበት። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ የጂን ተመራማሪው፣ ክፍላቸው ኮሪደሩ ማዶ ስለሆነ «ጎረቤት» ይባላሉ። ሁለተኛዋ ሴሎቹን የምታሳድገው ባለሙያ ናት። ሴል እንደ ሕፃን ነው፤ በዓል የለው፣ እረፍት የለው፣ በየቀኑ ምግብ ይፈልጋል፣ ፈሳሹ መቀየር አለበት። ስለዚህ ስሟ «ሞግዚቷ» ሆኖ ቀረ።

የሚሠሩትን እኔ ልብስ ሰፊዋ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። የወንዶቻችንን ልብ የሚያደክመው ከወላጅ የሚወረስ አንዲት የጂን ስህተት ናት። ስህተቷን የሚያርም መድኃኒት በመርፌ ቢሰጥ ደም ጠርጎ ይወስደዋል፤ ልብ ላይ አይቆይም። መድኃኒቱን የያዘ ቁራጭ ነገር ልቡ ላይ ይሰፋ ቢባል ደግሞ የሳሳ ልብ መርፌ አይችልም፣ ይተረተራል። እህቴ ልብ ላይ የሚቀባ፣ ልቡ እየመታ፣ በደም እየራሰ የማይለቅና መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚያስገባ ጄል ሠሩ። አባታችን የጠየቋቸው ሙጫ ማለት ነው። የያዘላቸው ቀን እኔ ልብስ ወደምሰፋበት ሱቅ ሮጠው መጥተው «ውኃ ውስጥ ያዘ!» ብለው ጮኹ። ደንበኞቼ ያበዱ መስሏቸው ነበር።

መድኃኒቱ የሚሞከርበት የልብ ሴል ደግሞ ከሰው ደም ይሠራል። ደሙ ውስጥ ያለውን ሴል ወደ ሕፃንነቱ ይመልሱትና የልብ ሴል ሆኖ እንዲያድግ ያደርጉታል። ሳሕን ውስጥ ሆኖ ይመታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የታመመውን ደም የሰጠው ታክሲ ነጂው የአጎታችን ልጅ ነው። «እኔ እዚያ ሳሕን ውስጥ እንዴት ነኝ? እየበላሁ ነው?» እያለ በስልክ ይቀልድ ነበር። ለማወዳደሪያ ደግሞ የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ጤነኛ ደም ሲቸግረው እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ይሰጣል፤ ልማድ ነው። እህቴም ሰጡ። «ድካሙ እንደሆነ የወንዶቹ ነው» ብለው። ከደማቸው ያደጉት ሴሎች «ጤነኛዋ» ተባሉ፤ ቀስ በቀስ ስሙ ወደ ራሳቸው ወደ እህቴ ዞረ። ሞግዚቷ ጠዋት ማሞቂያ ሣጥኑን ስትከፍት «ጤነኛዋ እንዴት አደረች?» ትላለች፤ እህቴ ከማዶ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሳሉ። ይህን እየተሳሳቁ ዓመታት አሳለፉ።

በ2011 ዓ.ም. መድኃኒቱ በአጎታችን ልጅ ሴሎች ላይ ተሞከረ። ሴሎቹ በረቱ። በርትተውም አልቆሙ፤ «ጤነኛዋን» አልፈው መምታት ጀመሩ። ልብን ከጤነኛ በላይ የሚያስሮጥ መድኃኒት ሰው ይገድላል። ጎረቤት እንድገመው አሉ፣ ተደገመ፣ ያው ሆነ። እህቴ በገዛ አፋቸው «አስቁሙት» አሉ። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ፤ እነርሱም ሌላ ፍለጋ ጀመሩ። የአጎታችን ልጅ ሲደውል «ገና ነው፣ ታገሥ» ይሉት ነበር፤ እርሱም ታገሠ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ ታክሲዋን ዳር አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ አረፈ። የእኛ ቤት ወንዶች ሲሞቱ እንኳ ዕቃ አይሰብሩም።

በ2014 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች። ሁላችንም ቁርስ ስላልበላች ነው አልን። ሁለተኛ ስትወድቅ ፈተና ነው አልን። ሴት ናታ! ሐኪሙ ልቧ ሳስቷል ሲል እናቷ ሐኪሙን ተቆጡት፤ ከዚያ ግን የልጅቷን፣ የአባትየውንና በላቦራቶሪው ያሉትን ሴሎች ሁሉ ጂን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነቡላቸው ጎረቤትን ለመኑ። ጎረቤት አንብበው ሲጨርሱ ኮሪደሩን ተሻግረው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቁጭ በይ» አሏቸው።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጅቷ ላይ አለ። አባትየው ላይ የለም።» ሊፍቱ ወጣ፣ ማይክሮስኮፑ ተንቀጠቀጠ። «‹ጤነኛዋ› ላይም አለ።»

ሞግዚቷ እንደነገረችኝ እህቴ መጀመሪያ የተናገሩት «እንግዲያው መድኃኒቱ ልክ ነበር» የሚል ነው። ፊታቸው በርቶ ነበር አለችኝ። መድኃኒቱ ከጤነኛ በላይ አላስሮጠም፤ ወደ ጤና ነበር የመለሰው፤ ከኋላ የቀረችው «ጤነኛዋ» ናት። ከዚያ የአጎታችን ልጅ ትዝ አላቸው። ከዚያ ልጃቸው። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የራሳቸው መታመም የገባቸው ከሁሉ በኋላ፣ ሞግዚቷ ልታነሣቸው እጃቸውን ስትይዝ ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሱቄ መጡ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። «የወንዶቹ አይደለም፤ ልጄ ከእኔ ነው የወሰደችው» አሉኝ። «መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስተኝቼ የአጎታችንን ልጅ ታገሥ እለው ነበር። እኮ ታገሠኝ!» ብለው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ካውያውን ሳላነሣ ቀርቼ የምተኩሰው ኮት ተቃጠለ። ሥራው ባይቆም እንኳ መድኃኒቱ በዚያች አጭር ጊዜ ለሰው አይደርስም ነበር ብለው ያጽናኗቸው ባልደረቦች ነበሩ። እውነታቸውን ይሆናል። እህቴ ግን መጽናናት አልፈለጉም። እኔም ተመርምሬ ነፃ ነሽ ስባል ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ እህቴ ብቻ አቅፈውኝ እልል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯቸው ከጊዜ ጋር ግብግብ ነበር። ባለቤታቸው ደማቸውን ሰጡና እውነተኛ ጤነኛ ተገኘ። ሁሉም ነገር ከሀ ተጀመረ። የታመሙት ሴሎች መድኃኒቱን ሲያገኙ ከመምህሩ ሴሎች ጋር እኩል መቱ፤ ከዚያ በእንስሳት ተሞከረ፤ ጄሉ ያዘ። የልጅቷ ደረት ውስጥ ልቧ ሲስት የሚቀሰቅሳት ትንሽ መሣሪያ ተቀበረ። መሣሪያው ድንገተኛ ሞትን ይከላከላል እንጂ ልቡ መሳሳቱን አያቆመውም። ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ ደክሟት የምትቀመጥበት ቦታ በየወሩ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። እህቴ ያንን ከታች ቆመው ሲያዩ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ለመውጣት አቅሙ አልነበራቸውም። እናትና ልጅ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ማን ቀድሞ ይነሣል?» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ያየሁ ቀን ወደ ሱቄ ተመልሼ በር ዘግቼ ጮኼ አልቅሻለሁ።

መድኃኒቱ ለሰው እንዲሰጥ የሚፈቅዱት ሰዎች አንድ ነገር ጠየቁ። የሳሕን ሴል ሕፃን ነው፤ የእንስሳ ልብ ደግሞ የእኛ ቤት ስህተት የለበትም። ይህ ስህተት ባለበት፣ በአዋቂ ሰው ልብ ላይ አሳዩን አሉ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይመጣል? አባታችን፣ አጎታችን፣ ወንድማችን፣ የአጎታችን ልጅ፣ ሁሉንም አፈር አልብሰናቸዋል። እህቴ ያን ጊዜ ሌላ ልብ እንዲቀየርላቸው ተራ ይጠብቁ ነበር። ለጎረቤትና ለሞግዚቷ «ቢገኝልኝ አሮጌውን ትወስዳላችሁ። ባይገኝልኝም ትወስዳላችሁ» አሏቸው።

እኔ ተቃወምኩ። በግልጽ ልናገረው፣ ጮህኩ። ከሰውነትሽ ቅንጣት ሳይጎድል ነው የምቀብርሽ አልኳት። ልጅቷም «እኔን ለማዳን ብለሽ ጎድለሽ እንድትቀበሪ አልፈልግም» ብላ አኩርፋ ለቀናት ሳታናግራቸው ቆየች። እህቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁብን። «አፈር ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? ሥራ ይያዝ እንጂ» አሉ። ልጅቷ ትራሱን ወረወረችባቸው። ከዚያ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ እኔም መሐላቸው ገባሁ።

የሚጠበቀው ልብ አልመጣም። እህታችን ለወራት በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጆቻቸውን እንደያዟቸው፣ በሃምሳኛው ዓመታቸው ዋዜማ አረፉ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሞግዚቷ ልቡ የሚወሰድበትን የበረዶ ሣጥን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። ደሜ ፈላ። እንባችን ሳይደርቅ እንደ ጥንብ አንሣ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ በእንባና በንፍጥ ታጥቧል፤ ሣጥኑን እንዳትለቅ ሆና መጥረግ አልቻለችም። ሻርፔን አውልቄ ፊቷን ጠረግሁላት፤ አፍንጫዋንም። «ቶሎ በይ» አልኳት። እየሮጠች ሄደች።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ያለ ልባቸው መሆኑን እንድታውቁ ነው። ጎረቤትንና ሞግዚቷን እዚህ አጥታችሁ የተቀየማችሁ ካላችሁ አትቀየሟቸው። የእህቴ ልብ እንደ ወረቀት በስሱ ተቆራርጦ፣ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየተነካካ፣ ይህ በሚነበብበት በዚች ሰዓት ይመታል። እርሷን ሲያስተዳድር ከኖረው ልብ የቀረው ያ ነው። እኩሌታው ላይ ጄሉና መድኃኒቱ ተቀብቷል፤ እኩሌታው ላይ አልተቀባም። ሞግዚቷ ፈሳሹን ለመቀየር ከአጠገቡ መራቅ አትችልም። ይህ ሥጋ ለስንት ቀን እንደሚቆይ አይታወቅም። መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነም አይታወቅም። እኔ ተስፋ የሚባለው ነገር ካለቀብኝ ቆይቷል፤ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ታገሡ እንደተባልን ታውቃላችሁ። ልጅቷ ግን ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ፣ ጎማው ላይ በተቀመጠው ማይክሮስኮፕ አይታው መጥታለች። ምን አየሽ ብላት «እየሠራች ነው» ብቻ አለችኝ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት የሃያ ዓመት ልጃቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪሞች፣ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች ምስጋናችን የላቀ ነው።

ፈጣሪ ሆይ፣ የእህቴን ነፍስ በአባቷ አጠገብ፣ ድካም በሌለበት ቦታ አሳርፍልን። ለልቧ ግን ዛሬ ዕረፍት አንለምንህም። እባክህ፣ ጥቂት ቀን ይምታልን።